የናዚፋ ካርድ ሪደር የጠፋ ዕለት

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ፣ ጫማ ከሚሰፉት ሰዎች ቀጥሎ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ጠባብ ቤት አለ። ከጥበቱ የተነሣ አንዲት ላም ብትገባበት ወደኋላዋ ካልሆነ አትወጣም። የናዚፋ ጁማ ቤት ነው። ከበሩ በላይ «ሚሞሪ እንሞላለን፣ ፎቶ እናወጣለን» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ፊደሉን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ሚሞሪ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። የሚሞላ ነገር ከሆነ ጋን ይሆናል ብዬ አለፍሁ።

ናዚፋ የቡሬ ልጅ ናት። አባቷ ጁማ የበርበሬና የእህል ነጋዴ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቡሬ ገበያ ስወርድ፣ በርበሬ ሲሰፍሩ የሚያስነጥሳቸው አንድ ረጅም ሰው ትዝ ይሉኛል፤ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። ለናዚፋ ብነግራት ሳቀች። «እትዬ አስካለ፣ አባቴ ከበርበሬ ጋር ተኝቶ የሚነሣ ሰው! አንድ ቀን አስነጥሶት አያውቅም» አለችኝ። እንግዲህ ያ ሰው ማን እንደነበር እንጃ። ማንኩሳ ገበያ ይሆን ያየሁት? ዕድሜ እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ይተውልሽና ገበያውን ይወስድብሻል።

ናዚፋን ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ሹፌር ነበር፤ የሹፌር ነገር፣ ሌላ ከተማ ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ሰዉ ሁሉ «ዕቃዋን ይዛ ቡሬ ትገባለች» ሲል እሷ ይህችን ቤት ተከራየች። ባሕር ዳር የሚሠራ ኢርፋን የሚባል ታናሽ ወንድም አላት፣ ኮምፒዩተር አዋቂ ነው። አሮጌ ላፕቶፑን ሰጣት። ውስጡ የጫነላት ሊኑክስ የሚሉትን ነው። ሊኑክስ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው፣ ሌሎቹ ሚሞሪ የሚሞሉት ቤቶች ከአንዱ ገበሬ ካርድ የለቀሙትን ቫይረስ ለሌላው ሲያድሉ፣ የናዚፋው አይዘውም መባሉን ነው። የሠርግ ቪዲዮውን፣ የክርስትና ፎቶውን ለሌላ ሰው የማያምን ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል።

እስላም ናት፣ መዝሙር ግን እሷን የሚያህል የሚያውቅ የለም። ለሚካኤል የትኛው እንደሚጠየቅ፣ ለኪዳነ ምሕረት የትኛው እንደሚጠየቅ ታውቃለች። አንዲት ሴት በፍልሰታ ጾም እስክስታ ዘፈን ሙይልኝ ብትላት «ሂጂ ወዲያ፣ ጾምሽን ፍቺና ነይ! ለአንች ያፈርሁት እኔ» ብላ መለሰቻት። ሳቂታ ናት። አንድ ነገር ብቻ ስትናገር ሰምቼ ሆዴን በልቶኛል። «የሰው ድምፅ ስሞላ እውላለሁ፤ የአባቴን ድምፅ የያዘ ግን አንድም ነገር የለኝም» አለችኝ። ያን ጊዜ ስልኩ እንዲህ አልነበረማ።

የእኔ ነገር ከእሷ ቤት የገባው በእህቴ በእንቁ ምክንያት ነው።

እንቁ ታላቄ ናት። ቤታችን ከማንኩሳ ወዲህ ነው፤ ጎን ለጎን ኖረን፣ አንዳችን ያንዳችንን ጭስ እያየን አረጀን። አንድ ልጅ ነበራት፣ ስመኘው የሚባል። ይህ ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ በእጇ እያበላች ያሳደገችውን ወይፈን ሳያስፈቅድ ገበያ ነድቶ ሸጠው። እንቁ ማንኩሳ ድረስ ሮጣ አልደረሰችበትም። ባዶ ገመድ ይዛ ተመለሰች፤ ልጁም ማታ ሲመጣ ደጅ ላይ ቆማ፣ እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ «የዘራኸው አይብቀልልህ!» አለችው። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። የእናት እርግማን እንደሌላው ሰው እርግማን አይደለም። ያውም ጡት ተይዞ።

በዚያው ዓመት የዘራውን በቆሎ በረዶ መታው። በዓመቱ ዳጉሳ ዘራ፤ ሳይበቅል ወፍ ለቀመው። ሦስተኛ አልሞከረም፣ ተነሥቶ ሄደ። አንዴ ባሕር ዳር ድንጋይ ይጭናል አሉን፣ አንዴ ወለጋ ቡና ይለቅማል አሉን። እንዲህ ሲባል ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

እንቁ ስትታመም «ለልጅሽ እርግማኑን አንሥተሽለት ሂጂ» አልኋት። ልጁ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ናዚፋ የሸጠችልኝ ቁልፍ ያለው ስልክ ነበረኝ፤ ድምፅ የሚቀዳው የትኛው እንደሆነ እንዳልስት በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋበታለች። እሱን ተጭኜ ከራስጌዋ አስቀመጥሁት። ተናገረች። እርግማኑን አነሣችለት። እኔ እንዲያ ብዬ ነው የያዝሁት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ስልኩ ደግሞ ለተዝካሯ ጠላ ስጠምቅ ከደረቴ ሾልኮ ጋን ውስጥ ገባ። ጋኑን ልድፋው ወይስ ልተወው እያልሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ለመንደር የተጠመቀ ጠላ ነዋ! እስኪቀዳ ድረስ እዚያው ሰነበተ። ሲወጣ ስልኩ ሞቷል። ካርዷን ፈልቅቄ አጥቤ፣ በነጠላዬ ጠርዝ ቋጠርኋት። ደህና ናት ብዬ ነበር።

ስመኘው የመጣው ለሙት ዓመቷ ነው። መጣ ልበል እንጂ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አለቀሰ፤ ግቢውን አልረገጠም። «እናትህ እኮ አንሥታልሃለች» አልሁት።

«በጆሮዬ ካልሰማሁ አክስቴ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው ይዋሹልኛል» አለኝ።

የንስሐ አባታችንም መከሩት። «እግዚአብሔር ይፍታህ ይበሉኝ አባ፣ እቀበላለሁ። የእናቴን ቃል ግን ከእናቴ እሻለሁ» አላቸው። ግንቦት ነበር፣ ዝናቡ አንድ ሁለቴ ጣል አድርጎ መሬቱ ለስልሷል፤ የእንቁ ማሳ ብቻ ጦሙን አደረ። እሱ ደግሞ ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ሊሄድ ነው። ከሻኪሶ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። አንድ እህቴ ሄደች፣ አንድ የእህቴ ልጅ ሊሄድብኝ ነው። እና ካርዷን ፈትቼ ሰጠሁት።

በራሱ ስልክ ውስጥ ከተታት። «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ?» የሚል መጣ። እሱም ፈራ፣ እኔም ፈራሁ። ፍኖተ ሰላም ይዘናት ወረድንና መጀመሪያ ያገኘነው ሚሞሪ የሚሞላ ቤት ገባን። ሰውየው አየት አድርጎ «ፎርማት ልበለው?» አለን።

«ፎርማት ምንድን ነው?»

«አጥቦ እንደ አዲስ ማድረግ ነው፣ እማማ።»

የእንቁን ድምፅ ሊያጥብ! ካርዷን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ናዚፋ ዘንድ ስንደርስ ረፋድ ላይ ነው። ስመኘው ሻንጣውን የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ላይ አስጭኗል። «መኪናው እስኪሞላ ነው፣ አክስቴ» አለኝ። ሳይ አምስት ሰው ተቀምጦበታል።

ናዚፋ ነገሩን ሰምታ ካርዷን በጥፍሯ ጫፍ ያዘቻት። «ይኼማ የሸጥሁልዎ ነው። ምን ይሸታል?»

«ጠላ።»

«የት ነው የሰነበተው?»

«ጋን ውስጥ።»

«ወላሂ እትዬ አስካለ፣ እኔ ስንት ጉድ አይቻለሁ፣ ሰክሮ የመጣ ሚሞሪ ግን ዛሬ አየሁ!» ስመኘው እንኳ ፈገግ አለ። «አይዞዎት። ስልክ ያኮረፈውን ይኼ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ያነባል» አለችና ከላፕቶፑ ጎን ካለችው ቀጭን አፍ ከተተቻት።

ጠበቅን። ምንም የለም። አውጥታ ጠራርጋ መለሰቻት፤ ምንም። ፊቷ ተለወጠ። ከመሳቢያ የራሷን ካርድ፣ መዝሙሩም መንዙማውም ያለበትን፣ አወጣችና ከተተች። እሱም ምንም።

«የኔም አልታየም» አለች።

«የኔይቱ ሞታለች ማለት ነው?» አልሁ።

«የለም፣ የለም። የእርስዎን ካርድ ገና ማን አየውና! የታመመው ካርዱን የሚያነበው አፍ፣ ሪደሩ ነው። ትናንት እኮ ይሠራ ነበር።»

እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ስመኘውን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ትናንት ይሠራ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«እኔ ስገባ ነዋ የጠፋ።»

«አንተ ደግሞ! ኮምፒዩተር ሰው ይለያል?»

«እህት ዓለም፣ አንች አታውቂኝም። እኔ የነካሁት አይበቅልም። ልውጣላችሁ» አለና ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ለምኜው ነበር። ምን ታረጊዋለሽ።

ናዚፋ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተችና መጻፍ ጀመረች። የፈረንጅ ፊደል ነው፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። «ይኼ የተሰካበትን ዕቃ ሁሉ በስም ይጠራል» አለችኝ።

«እንደ ማኅበር?»

«እንደ ማኅበር። ይኸው ካሜራው፣ ይኸው አይጡ...»

«አይጥ?»

«ይኼ እየገፋሁ የምጠቁምበት፣ እትዬ። አይጥ ነው የሚባል። ሪደሩ ግን የለም። ስሙ አልተጠራም።»

ከማኅበር የቀረ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል። የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃት ሳቅ አፈናት። በጥርስ ብሩሽ አፉን ጠረገችው። ነፋችበት። የእንቁን ካርድ ደግማ ከተተችበት፤ ምንም። እኔ ከጨርቅ ቦርሳዬ ጠበል ያለበትን ሃይላንድ አውጥቼ «ትንሽ ላርከፍክፍበት?» ብላት ላፕቶፑን በሁለት እጇ ሸፈነችው። «እትዬ! ይኼን ሁሉ ያመጣብን ፈሳሽ አይደለም እንዴ?» እውነቷን ነው፣ መለስሁት።

«አጥፍቼ ላስነሣው። ካርድ ውስጡ እያለ ግን አልደፍርም፣ የታመመ ካርድ ይጎዳል» አለችና ካርዱን አውጥታ፣ አፉን ባዶ አድርጋ አጠፋች። አስነሣች። እስኪነሣ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሚኒባሱን አያለሁ፤ ስምንት ሰው ሆኗል። ተነሣ። ስም ጠራች፤ ሪደሩ የለም። ካርድ ከተተች፤ የለም። «ይኼ ደግሞ ከተነሣ ጀምሮ ያየውን ሁሉ የሚናገርበት ነው፣ እንደ እናንተ ኑዛዜ» ብላ ሌላ ነገር ጻፈች። እንደ ዝናብ ወረደ። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ አሁንም አነበበች። «ስለ ሪደሩ አንድ ቃል አልተናገረም። ተበላሸም አላለ፣ አለም አላለ። ጭራሽ እንዳልተፈጠረ!»

«ተሰርቆ ይሆን?»

«ከውስጡ? ማን ይሰርቀዋል፣ እትዬ!»

ግራ ሲገባት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን ትረግጣለች። ያን ዕለት ሁለቱንም አውልቃለች።

ለኢርፋን ደወለች። ኢንተርኔት ስለሌለ በድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አደረገችው።

«ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ በይና ጻፊ» አላት።

«ፒ ነው ቢ?»

«ፒ! የፓፓያው!»

«ጻፍሁ። የለም።»

«አይቻልም። ደህና አርገሽ እይው።»

«አንተ ከዚያ ሆነህ ታየዋለህ? የለም አልሁህ!»

«ትናንት ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር።»

«ከትናንት ወዲህ ምን ነካሽ?»

«ምንም።»

«ሰው ሁሉ ምንም አልነካሁም ነው የሚል።»

«በአላህ! ምንም!»

መስመሩ ተቋረጠ። ደወለች፤ አልገባላትም። ከውጭ ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ! ሦስት ሰው!» ይላል። ስመኘው ማዶ ቆሞ አንዴ መኪናውን፣ አንዴ እኛን ያያል። የምለው ባጣ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ቁና አየሁና «ይኸ ደግሞ ከዚህ ምን ይሠራል?» አልኋት። ከቻርጀርና ከጆሮ ማዳመጫ መሐል የእህል መስፈሪያ ሳይ ገረመኝ። ከታቹ እፍኝ የማይሞላ ዳጉሳ አለበት።

«የአባቴ ነው» አለች ስልኩን እየነካካች። «‹ባዶ ስፍር አያድርም› ይል ነበር። ገበያው ሲበተን ጥርግ አርጎ አይደፋውም፣ እፍኝ ይተውበታል። ባዶ ያደረ ስፍር በማግሥቱ ገበያተኛ አይጠራም ይላል።»

«እኔም እናቴ ጎታ ጠርጋ ጨርሳ አታውቅም። ቢያንስ አንድ...»

ናዚፋ አልሰማችኝም። ዐይኗ ቁናው ላይ ቀርቷል። «ሱብሃነላህ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ በአራተኛው ገባላት።

«ኢርፉ! ነክቻለሁ!»

«ምን?»

«ካርድ አውጥቻለሁ! ይኼን ቤት ከከፈትሁ ጀምሮ ስዘጋ አፉን ባዶ አድርጌው አላውቅም፤ የራሴን ካርድ ትቼበት ነው የማድር፣ እንደ አባዬ ስፍር። ባለፈው ግን አንተ ‹ካርድ ውስጡ አይደር፣ ስፕሪንጉ ይላላል› አልኸኝ። ትናንት ማታ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ባዶውን አደረ!»

ኢርፋን መሳቅ ጀመረ። «እንግዲያውማ እሱ ነው። የአንዳንድ ላፕቶፕ ሪደር ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አፉ ባዶ ከሆነ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ይተኛል። ስም ሲጠራ አቤት አይልም። ኋላ ካርድ ብትከችበትም የሚቀሰቅሰው የለም። አንች ሁልጊዜ ካርድ ይዞ ስለሚነሣ እስከዛሬ አላወቅነውም።»

«ቅድምም አውጥቼ ነው ያስነሣሁት!»

«እንደገና የሚያስቆጥር ትእዛዝ አለ፣ ጻፊ፤ ኢ፣ ሲ፣ ኤች...»

መስመሩ ደግሞ ተቋረጠ። ናዚፋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ተወው። በአባቴ መንገድ እሄዳለሁ» አለች። የራሷን ካርድ ከተተች፣ ላፕቶፑን አጠፋች፣ ቢስሚላህ ብላ አስነሣች። እኔም አማተብሁ። እንግዲህ የማናችን ረዳ አላውቅም። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ስም አስጠራች። በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«አቤት አለ» አለች።

ይኼ ሁሉ ትርምስ እፍኝ ዳጉሳ ላጣ ነገር ነበር ማለት ነው። ገባኝ ልበል? አልገባኝም። ብቻ የራሷን አውጥታ የእንቁን ካርድ ስትከት አንድ ነገር ብቅ አለ። ሰባት ድምፅ አለበት አለችኝ። እኔ የቀዳሁት አንድ ነው። የመጀመሪያውን ከፈተች።

«ይኼ ማን ነው የሚሳደበው?»

«እኔ ነኝ። ፍየል ነው የምሳደበው።»

ቀዩን ነጥብ ሳላውቅ ስጫነው ኖሯል። ሁለተኛው ዝናብ ነው። ሦስተኛው ላይ ዶሮ ትጮኻለች፣ ከዚያ «ምን ልበል?» የሚል ድምፅ መጣ። እንቁ። ናዚፋ ቶሎ አቆመችው። እኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ፤ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ድምፅ ከዚያች ጥፍር ከምታህል ነገር ሰምቼ እንዴት እቆማለሁ።

«ጥሩት» አለችኝ።

ወጥቼ ጠራሁት። ስመኘው እግሩ ከመድረኩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከገባሁ ይጠፋል» አለ።

ናዚፋ ምን ምን ነካክታ ቀና አለች። «አሁን ከካርዱ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጨዋለሁ። ዐሥር ርጉም ተሰልፎ ቢገባ አይጠፋም። ግባ ወዲህ፣ ብርድ አታስገባብን!»

ገባ። ከፈተችው። መጀመሪያ ዶሮዋ፣ ከዚያ የኔ ድምፅ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ?

«እንቁ፣ በርቷል፣ ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

«ለስመኘው ነዋ። እርግማኑን አንሺለት።»

ዶሮዋ። የእንቁ ትንፋሽ ሲያንቃት ይሰማል።

«የቱን እርግማን?»

«በወይፈኑ ጊዜ ያልሽውን።»

«ምን ብዬው ነበር?»

እኔ እዚያ ላይ ዝም ብያለሁ። አሁን ትዝ አለኝ፤ ከአልጋ ላይ ላለች በሽተኛ እርግማን አይደገምም ብዬ ነው ዝም ያልሁት።

«አንች ቆመሽ አልነበር? ምን ብዬ ነው የረገምሁት?» አለች ደግማ። ከዚያ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ «ወይፈኑንስ አስታውሰዋለሁ። ዳለቻ ነበር። አመለኛ፣ ከእጄ ካልሆነ አይበላም። ልጁ ይመጣል? ከመጣ ዝናቡ እንዳይቀድመው በይው፣ ቶሎ ይረስ። ውሃ ስጭኝ።»

አለቀ። እኔ አፈርሁ። ዓመት ሙሉ «አንሥታልሃለች» ስል የኖርሁት ቃል ከየት አመጣሁት? «ይቅር ብዬዋለሁ» ስትል በጆሮዬ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር፤ እጇን አንሥታ እንደነበርም አይቻለሁ። ለውሃው ኖሯል ያነሣችው።

ስመኘው ወደ እኔ ዞረ። «አነሣች ማለት ነው ወይስ አላነሣችም?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ።»

ወደ ናዚፋ ዞረ። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ የሃይማኖታችሁን አላውቅም። ግን የረገመችው እሷ ናት፤ እሷ ከጣለችው ማን ይዞት ይኖራል?»

«እኔ» አለ።

ከውጭ ረዳቱ ይጮኻል፤ «ማርቆስ! አንድ ሰው! የጥቁሩ ሻንጣ ባለቤት የት አለ? ልንነሣ ነው!»

«ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ዶሮዋ፣ እኔ፣ የእንቁ ትንፋሽ። ጭንቅላቱን ወደ ላፕቶፑ አስጠግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እንቁ «ምን ብዬው ነበር?» አለች። ስመኘው እናቱ ከፊቱ ቆማ የጠየቀችው ይመስል ከንፈሩ ተላቀቀና «የዘራኸው አይ...» ብሎ ጀመረላት።

ከበርጩማው እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ መዳፌን አፉ ላይ ደፋሁበት። «ዝም በል! እሷ የረሳችውን አንተ ልታስታውሳት ነው?»

መዳፌ አፉ ላይ እንዳለ ቆመ። እንቁም «አንች ቆመሽ አልነበር?» ብላ ጠየቀች፣ ማንም አልመለሰላትም። ስለ ዳለቻው ወይፈን ተናገረች። ስለ ዝናቡ ተናገረች። ውሃ ለመነች። የስመኘው እንባ በጣቶቼ መሐል ወረደ። ናዚፋ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ቻርጀር ትደረድራለች፤ የተደረደረውን ደግማ ትደረድራለች።

እጄን ቀስ አድርጎ ከአፉ አነሣና ወጣ። ረዳቱን «ሻንጣዬን አውርድልኝ!» ሲለው ሰማሁ።

«ታስሯል እኮ! ሰው ሲሞላ ነው የሚቀለድ?»

«አውርድልኝ አልሁህ፣ ወንድሜ። ባዶው ቦታ ሰው አያጣም።»

ገመዱን እየተሳደበ ፈታለት። እኔ ከናዚፋ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እሷም በባዶ እግሯ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እርግማኑ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም ብዬ ብጠይቃት «እኔንማ የሪደሩን ይጠይቁኝ» አለችኝ። ስመኘው ሻንጣውን በትከሻው አድርጎ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አክስቴ» አለኝ፣ «የእናቴ ሞፈር ማን ቤት ነው ያለ?»

ባለፈው ዓመት ማን መጥቶ እንደተዋሰን ባስብ፣ ባስብ፣ ትዝ አላለኝም።